ከሐይቅ እስከ ታጁራ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተነስቶ ውኃ ዳር ፎቶ ማንሳት

ሐይቅ (ከደሴ በስተሰሜን ያለችው ከተማና ሐይቋ) ውሎ የተመለሰ ሰው ስልክ ውስጥ ያለው ፎቶ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ሰማዩ ነጭ፣ ውኃው ግራጫ፣ ከፊት የቆመው ጓደኛ ፊቱ ከሰል። አድማሱ ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ሐይቁ ሊፈስ የደረሰ ይመስላል። ጥፋቱ የስልኩ አይደለም። ውኃ ብርሃን ይመልሳል፤ ካሜራ ደግሞ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ለማውጣት የተሠራ ነው። ይህንን ሳያውቅ ጅቡቲ ድረስ የወረደ ሰው ያንኑ ፎቶ ይዞ ይመለሳል፤ ልዩነቱ የቪዛና የሆቴል ወጪው ብቻ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቅዳሜ ሐይቅ ላይ ተለማመዱ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፎቶው ቢበላሽ የምትከስሩት የሚኒባስ ሒሳብ ነው። ከዚያ በኋላ ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ አድርጋችሁ ወደ ባሕሩ ውረዱ። ባሕሩ ጨው፣ ሙቀትና እርጥበት ይጨምርባችኋል እንጂ የብርሃኑ ትምህርት ያው ሐይቅ ላይ የተማራችሁት ነው። (ለወሎ ሰው ባሕር ማለት አሰብ የነበረበት ጊዜ ነበር። አሁን መንገዱ የሚያደርሰው ጅቡቲ ነው።)

ከቤት ሳትወጡ

ስልክ ብቻ ያለው ሰው «ይሄ የካሜራ ሰዎች ወሬ ነው» ብሎ አይለፈው። አብዛኛው ለስልክም ይሠራል። ለስልክ የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፦ ፓወር ባንክ፣ ሁለት ንጹሕ የመነጽር ማጽጃ ጨርቅ፣ ዚፕ ያለው ላስቲክ፣ ፖላራይዝድ የሆነ የፀሐይ መነጽር። ካሜራ ያለው ደግሞ አንድ ሰፊ ሌንስ (18–55 ወይም 24–70)፣ አንድ ረጅም ሌንስ (55–250 ወይም 70–300)፣ ሁለት ባትሪ፣ ሁለት ባለ 32 ጊጋባይት ሚሞሪ ይያዝ። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ በሮው (ካሜራው ሳይጨምቀው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ሲያነሳ አንዱ ፎቶ ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ስለሚወስድ አንዱ ሚሞሪ አንድ ሺህ ገደማ ፎቶ ይይዛል። አንድ ባለ 64 ከመያዝ ሁለት ባለ 32 ይሻላል። አንዱ አሸዋ ውስጥ ቢቀር ግማሹ ጉዞ ይተርፋል።

ከዕቃ ሁሉ አንድ ብቻ ግዙ ብንባል ፖላራይዘር (ሌንስ ፊት የሚገጠም ፊልተር) እንላለን። ከውኃው ላይ ነጸብራቁን ይገፍፋል፣ ሰማዩን ያጠቁራል፣ ይህን ደግሞ ኮምፒውተር ላይ በኋላ ማስተካከል አይቻልም። ልኩ ሌንሱ አፍ ጠርዝ ላይ ከክብ ምልክት አጠገብ ተጽፏል። የካኖን 18–55 ብዙውን ጊዜ 58፣ የኒኮኑ 52 ወይም 55 ሚሊሜትር ነው። ገበያ ላይ ተራ ጥቁር መስታወት በፖላራይዘር ስም ይሸጣል፤ እዚያው ሱቁ ውስጥ ፈትኑት። ካልኩሌተር አስከፍቱና የካልኩሌተሩን ስክሪን በፊልተሩ ውስጥ እያያችሁ ፊልተሩን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ቁጥሮቹ ያሉበት መስኮት አንድ ቦታ ላይ ጥቁር ካለ እውነተኛ ነው። ካልጠቆረ ገልብጣችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። በሁለቱም ወገን ምንም ካልተለወጠ ለሻጩ መልሱለት። የፀሐይ መነጽራችሁንም በዚሁ መንገድ ፈትኑ፤ ፖላራይዝድ ከሆነ ስልኩ ሌንስ ፊት ይዛችሁት እንደ ፊልተር ያገለግላችኋል።

ከዚያ ሌንሳችሁን መርምሩ። ደሴ ክረምት ላይ የጦሳ ጉም ቤት ድረስ ነው የሚገባው፤ በቆዳ ቦርሳ ተከድኖ ቁምሳጥን ውስጥ የከረመ ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል። ሌንሱን ከካሜራው አውጡ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ከኋላው የስልክ ባትሪ መብራት አብሩና ከፊት ጎንበስ ብላችሁ እዩ። የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ክር ከታያችሁ ሻጋታ ነው። ገና ከሆነ ጠጋኝ ፈትቶ ያጸዳዋል፤ ከቆየ ግን የመስታወቱን ቅብ ስለሚበላ ሻጋታው ቢነሳም ጠባሳው ይቀራል። እንዲህ ያለ ሌንስ ወደ ፀሐይ ሲዞር ፎቶው ሁሉ በጭስ ውስጥ የተነሳ ይመስላል። መከላከያው ርካሽ ነው፦ አዲስ ጫማና ቦርሳ ውስጥ የሚገኙትን ሲሊካ ጄል ከረጢቶች አትጣሉ። አራት አምስቱን ከካሜራው ጋር ክዳኑ በደንብ በሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ። ሲሊካ እርጥበት ጠጥቶ ይጠግባል። ቀለም የሚለውጠው ዓይነት ከሰማያዊ ወደ ሮዝ ወይም ከብርቱካናማ ወደ አረንጓዴ ሲዞር ጠግቧል ማለት ነው። ፍሬውን ከከረጢቱ አውጥታችሁ በብረት ሳህን ምድጃ ውስጥ በ110 ወይም 120 ዲግሪ አንድ ሁለት ሰዓት ብታደርቁት ተመልሶ ይሠራል። ምጣድ ላይ የሚሞክሩት አሉ፤ እሳቱ ከበረታ ግን ፍሬው ይሰነጠቃል።

የብርሃኑ ሒሳብ

ውኃ ዳር እንደቆማችሁ ካሜራውን ከማውጣታችሁ በፊት ፀሐይዋ የት እንዳለች እዩ። ከጀርባችሁ ከሆነች ውኃው ቀለም አለው። ከፊታችሁ ከሆነች ውኃው ብር ነው፣ ሰውና ጀልባ ደግሞ ጥላ ናቸው። ከጎን ከሆነች ሞገዱ ቅርጹን ያወጣል፣ ፖላራይዘሩም በሙሉ ኃይሉ የሚሠራው ያኔ ነው። ይህን ለማወቅ አውራ ጣትና ሌባ ጣታችሁን እንደ ሽጉጥ ዘርጉ። ሌባ ጣቱን ወደ ፀሐይዋ አቅኑና እጃችሁን አዙሩ፤ አውራ ጣታችሁ በዞረበት አቅጣጫ ሁሉ ሰማዩ በጣም ይጠቁራል። ፀሐይ ከፊት ወይም ከጀርባ ስትሆን ግን ፊልተሩ ሰማዩን እምብዛም አይለውጠውም። ብርሃንም ይበላል፤ ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን በር) ሦስትና አራት እጥፍ ያዘገያልና ሳያስፈልግ ሌንስ ላይ አይዋል። በጣም ሰፊ ሌንስ ላይ ደግሞ ሰማዩን ግማሹን ሰማያዊ ግማሹን ነጭ አድርጎ ያዥጎረጉረዋል።

ቀጥሎ መለኪያው። ካሜራው የሚያብረቀርቅ ውኃ፣ ነጭ አሸዋ ወይም ነጭ ነጠላ የሞላበትን ምስል ሲያይ «በጣም በርቷል» ብሎ ያጨልመዋል። እናንተ መመለስ አለባችሁ፦ በካሜራው የብርሃን ማስተካከያ (+/−) ከ+0.7 እስከ +1.3 ጨምሩ። ተቃራኒውም አለ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ውኃው ላይ የሚወርደውን ወርቃማ መንገድ የምትፈልጉ ከሆነ −0.7 ወይም −1 ቀንሱ፣ ያለዚያ ወርቁ ነጭ ይሆናል። ስልክ ላይ የምትፈልጉትን ቦታ ነክታችሁ ጣታችሁን እስኪቆለፍ አቆዩት፣ ከዚያ የፀሐይ ምልክቷን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሳቧት። ስክሪኑን በፀሐይ አትመኑት፤ ቀን ላይ ሁሉም ፎቶ ጨለማ ይመስላል፣ ማታ ስታዩት ግን የነጣ ይሆናል። ሂስቶግራም (የፎቶውን ብርሃን ከጨለማ እስከ ነጭ የሚያሳይ ግራፍ) ያለው ካሜራ ላይ ግራፉ በቀኝ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ የደመናው ወይም የነጠላው ዝርዝር ጠፍቷል። መለኪያው ግራ ካጋባችሁ የጥንቱን ዘዴ ያዙ፦ ጥርት ባለ ፀሐይ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ልክ) 8፣ ሹተር 1/400 ሰከንድ። በአሸዋና በጨው ላይ 1/800።

ነጠላ የለበሰን ሰው እኩለ ቀን ላይ ማንሳት ከሁሉም ከባድ ነው። ለፊቱ ብርሃን ከሰጣችሁ ነጠላው ይቃጠላል፣ ለነጠላው ካደላችሁ ፊቱ ይጠፋል። መፍትሔው የካሜራ ቅንብር ሳይሆን ጥላ ነው። ሰውየውን ከዛፍ ጥላ ጫፍ ግማሽ ሜትር ወደ ውስጥ አቁሙት፣ ፊቱን ወደ ብርሃኑ ወገን ያዙር። ከመሬቱና ከውኃው የሚመለሰው ብርሃን ከታች ወደ አገጩ ይገባል፣ የዓይኑ ብሌን ውስጥ የሐይቁ ነጭ መስመር ይታያል። ያ መስመር ከታየ አንሱ፤ ካልታየ ሰውየው አንድ እርምጃ ወደ ጫፉ ይቅረብ።

አድማስን በተመለከተ ረጅም ነገር የለውም፦ ስክሪኑ ላይ የሚወጡትን የግሪድ መስመሮች አብሩ፣ መስመሩን ከውኃው ጫፍ ጋር አስተካክሉ። በኋላ ማቃናት ይቻላል፣ ግን አራቱ ማዕዘኖች ይቆረጣሉ።

ሐይቅ ላይ

የሐይቅ ከተማ ከሐይቁ በስተምዕራብ ነው። ስለዚህ በከተማው ወገን ካለው ዳርቻ ጠዋት ፀሐይ በውኃው ማዶ ከፊታችሁ ትወጣለች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከጀርባችሁ ሆና የማዶውን ኮረብታ ታበራለች። ጥላና ጭጋግ የሚፈልግ ጠዋት ይምጣ፣ አረንጓዴ ኮረብታና ሰማያዊ ውኃ የሚፈልግ ከ9 ሰዓት በኋላ። ሁለቱንም በአንድ ቀን ለማግኘት ማደር ይሻላል። ከደሴ በንጋት መጓጓዣ የሚመጣ ሰው ደርሶ እስኪወርድ የጠዋቱ ጨዋታ አልቋል።

ፀሐይዋ እንደ ወሩ ከ11፡55 እስከ 12፡45 ባለው ትወጣለች፣ ኮረብታውን አልፋ ውኃው ላይ ለመድረስ ግን ተጨማሪ ደቂቃዎች ይወስድባታል። 11፡40 ላይ ዳርቻው ላይ ሁኑ። ነፋስ ገና ስላልተነሳ ውኃው መስታወት ነው። አድማሱን ፎቶው መሃል ማድረግ የሚያምረው ያኔ ብቻ ነው፤ በሌላ ጊዜ አንድ ሦስተኛ ላይ አውርዱት ወይም አውጡት። ውኃው ውስጥ ያለው ምስል ሁልጊዜ ከእውነተኛው ጠቆር ይላል፣ ይህ ተፈጥሯዊ ነውና በኤዲቲንግ እኩል ልታደርጉት አትሞክሩ፤ ዓይን ይጠረጥረዋል። ጠዋት ላይ ፖላራይዘሩን አውልቁ፣ የምትፈልጉትን ነጸብራቅ ራሱን ይሰርዝባችኋል።

ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ካላችሁ ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11፣ አይኤስኦ 100፣ የሁለት ሰከንድ መቁጠሪያ። ኤፍ 16ን እና ከዚያ በላይ አትጠቀሙ፤ ሁሉም ነገር ይጠራል ብሎ የሚያስብ አለ፣ ግን ብርሃኑ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ፎቶው ይለሰልሳል። ጭቃማ ዳርቻ ላይ የትራይፖዱ እግር ቀስ እያለ ስለሚሰምጥ ከእያንዳንዱ እግር ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉ። ይህን የዘነጋ ሰው የግማሽ ሰከንድ ፎቶው ሁሉ ለምን እንደደበዘዘ ሳይገባው ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አሣ አጥማጆቹ ጠዋት መረብ ያነሳሉ። በረጅም ሌንስ ከሩቅ አትለቃቅሙ፣ ቅረቡና ሰላም በሉ፦ «እንዴት አደራችሁ፣ ሥራው ቀናችሁ?» ትልቅ ሰው ካለ «አሰላሙ አለይኩም አባባ» ብሎ መጀመር ነገሩን ሁሉ ያቀለዋል። ፎቶ ልታነሱ እንደምትፈልጉ ተናገሩ፣ መጀመሪያ ያነሳችሁትን አሳዩአቸው፣ በቴሌግራም እልካለሁ ካላችሁ ላኩ። እጅ፣ መረብና ቆሮሶ ዓሣ ላይ አተኩሩ። እርጥብ የዓሣ ቅርፊት እንደ መስታወት ስለሚያበራ −0.3 ቀንሱና ዓሣው ትንሽ ዘንበል እንዲል ጠይቁ፤ ሁለት ጣት የምታህል ዘንበል ማለት ብቻ ነጩን ነጥብ አጥፍቶ የቅርፊቱን መስመር ያወጣል።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ጥንት ደሴት ነበር፤ አሁን ከየብስ ጋር ተያይዟል። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች አይገቡም። እህቶች ከውጭ፣ ከዳርቻው፣ ገዳሙ ያለበትን በዛፍ የተሸፈነ መሬት ማንሳት ይችላሉ። ወንዶች ሲገቡ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይሁን። መጀመሪያ ያገኛችሁትን አባት «አባታችን፣ ይባርኩን። ፎቶ ማንሳት ይፈቀድልናል?» በሉ። ግቢው ተፈቀደ ማለት መቅደሱ ተፈቀደ ማለት አይደለም፣ ለእያንዳንዱ ጠይቁ። ገዳሙ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ጀምሮ በብራና የታወቀ ነው፤ መጻሕፍቱን ካሳዩአችሁ ፍላሽ ፍጹም አይበራም፣ የብራናውን ቀለም ይጎዳል ተብሎ ይፈራል። መስኮት አጠገብ እንዲይዙላችሁ ጠይቁ፣ አይኤስኦ 1600 ወይም 3200፣ ኤፍ 4፣ ሹተር ከ1/100 ባላነሰ። «አይሆንም» ካሉ አይሆንም ነው፤ ሁለተኛ አትጠይቁ።

ጀልባ ላይ ከወጣችሁ መሃል ተቀመጡ፤ ውኃው ብዙ የሚያናውጠው ሁለቱን ጫፎች ነው። ክርናችሁን የጀልባው ጠርዝ ላይ አታስደግፉ፣ የሞተሩ ንዝረት በክንዳችሁ አልፎ ካሜራው ውስጥ ይገባል። ሹተር ከ1/500 በታች አይውረድ፣ ለሚበር ወፍ 1/1600 ወይም 1/2000። ሐይቁ 88 ሜትር ያህል ይጠልቃል፤ የወደቀ ሌንስ ተመልሶ አይገኝምና ጀልባ ላይ ሌንስ አትቀይሩ። የካሜራው ማሰሪያ አንገት ላይ ይሁን፣ ነገር ግን ከሕይወት ማዳኛ ጃኬቱ በላይ እንጂ በታች አይሁን፤ ውኃ ውስጥ ብትወድቁ ቶሎ ማውለቅ መቻል አለባችሁ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ነጸብራቁ ያበቃለታል። ያኔ ፖላራይዘሩን ግጠሙ፣ ወይም ወደ አርዲቦ ውጡ። እሱ ከሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብሎ ያለ ትንሽ ሐይቅ ነው፣ ሰው ያንስበታል።

ቁልቁል ወደ ባሕር

መንገዱን ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ክፍት መሆኑን የሚያውቁት የኮምቦልቻ የከባድ መኪና ሾፌሮች ናቸው። ኬላ፣ ወታደራዊ ካምፕ፣ ድልድይና አውሮፕላን ማረፊያ አይነሳም። ጅቡቲም እንዲሁ ነው፣ እንዲያውም ይብሳል፦ ወደቡ፣ አየር ማረፊያው፣ የመንግሥት ሕንፃዎችና የውጭ አገር ጦር ሰፈሮቹ የተከለከሉ ናቸው። መርከብ ከኋላ ያለበት የራሳችሁ ሰልፊ እንኳ ወደቡን ካሳየ ጣጣ ነው። ድሮን በሁለቱም አገር ያለ ፈቃድ አይሞከርም፤ ፈቃዱ በእጃችሁ ከሌለ ቤት ይቅር። የካሜራችሁን ደረሰኝ ቅጂ ያዙ፣ ስትመለሱ አዲስ ዕቃ አስገባችሁ እንዳትባሉ። ቻርጀር አያስቸግርም፣ ሁለት ክብ እግር ያለው የእኛው ዓይነት እዚያም ይገባል።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የምትወርዱት ወደ ዜሮ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ባቲን እስክታልፉ ብዙ ችግር የለም። (ሰኞ ከሆነ ባቲ ገበያ ላይ ሁለት ሰዓት ቁሙ፤ ውኃ የለውም፣ ግን ሰው አለው።) ከሚሌ በኋላ አቧራውና ሙቀቱ ይጀምራል። አብዛኛው ስልክ ከ35 ዲግሪ በላይ እንዲሠራ አልተሠራም፤ ዳሽቦርድ ላይ የተቀመጠ ስልክ «ሞቆኛል» ብሎ ይዘጋል። ከቀዘቀዘ የለስላሳ ጠርሙስ ጋር አታስጠጉት፣ ውስጡ ጤዛ ይሠራል። በነጭ ፎጣ ጠቅልላችሁ ከመቀመጫ ሥር አድርጉት።

ጅቡቲ ስትደርሱ መጀመሪያ የሚሳሳተው ሰዓት ነው። የሰዓት ቀጠናው ከእኛ ጋር አንድ ነው፣ አቆጣጠሩ ግን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል። ጀልባ ነጂው «ስድስት ሰዓት» ካላችሁ በእኛ 12 ሰዓት ጠዋት ማለቱ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሄዳችሁ ባዶ ዳርቻ እንዳይጠብቃችሁ «ፀሐይ ስትወጣ ነው?» ብላችሁ አረጋግጡ። ፀሐይዋም ከደሴ ሩብ ሰዓት ገደማ ቀድማ ትወጣለች። የባሕሩን ሙላትና ጉድለት የሚያሳየው ሠንጠረዥም በዚያው አቆጣጠር ነው የተጻፈው።

ሙላትና ጉድለቱን ሐይቅ አላስተማራችሁም። ውኃው በቀን ወጥቶ ይገባል፣ ዳርቻው ላይ ያስቀመጣችሁት ቦርሳ ሳታዩት ይርሳል። አሸዋው ላይ የደረቀ የባሕር አረም መስመር ፈልጉ፤ ውኃው የደረሰበት የመጨረሻው ቦታ ያ ነው፣ ቦርሳው ከዚያ በላይ ይሁን። ሌንስ መቀየር ካለባችሁ መኪና ውስጥ መስኮት ዘግታችሁ፣ የካሜራው አፍ ወደ መሬት ዞሮ።

ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ናቸው። እዚህ ላይ የተለመደውን «ጠዋትና ማታ ብቻ አንሱ» የሚለውን ምክር ተዉት። ጥልቀት የሌለው ባሕር ያንን የሚያምር አረንጓዴ ሰማያዊ የሚያወጣው ፀሐይዋ ከፍ ብላ ብርሃኗ እስከ ነጩ አሸዋ ወርዶ ሲመለስ ነው፣ ማለትም በእኛ ከ4 እስከ 8 ሰዓት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ያው ውኃ እርሳስ ነው። ፀሐይን ከጀርባ ወይም ከጎን አድርጉ፣ ፖላራይዘሩን ነጸብራቁ እስኪጠፋ አዙሩ፣ +0.7 ጨምሩ፣ ከተቻለ ከፍ ካለ ቦታ ወይም ጀልባው ላይ ቆማችሁ አንሱ። ሰው ግን በዚህ ሰዓት አታንሱ፤ የዓይኑ ጉድጓድ ጥቁር ይሆናል። ሰውን ከ11 ሰዓት በኋላ።

ታጁራ ነጭ ቤቶቿን ይዛ በባሕረ ሰላጤው ሰሜናዊ ዳርቻ ተቀምጣለች፣ ባሕሩ በስተደቡቧ ነው። ስለዚህ በኅዳርና በጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ቀኑን ሙሉ ወደ ባሕሩ ስታዩ ብርሃኑ ከፊታችሁ ነው። ያኔ ጀልባ ላይ ሆናችሁ ከባሕሩ ወደ ከተማዋ አንሱ። በሰኔ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ታልፋለች፣ ያው ቦታ ይገለበጣል፤ ሙቀቱ ግን ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ በሰኔ መሄዱን አንመክርም። ሴቶችን ሳያስፈቅዱ ማንሳት እዚያ ጠብ ነው።

አሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ። ጨው ላይ +1.3 ጨምሩ፣ ከመሬት የሚመለሰው ብርሃን ፊትን ከታች ስለሚያበራ ፍላሽ አያስፈልግም። ጫማ ልበሱ፣ የጨው ቅርፊቱ ይቆርጣል። ቦርሳ መሬት ላይ አይቀመጥም።

ከኅዳር እስከ ጥር አርታ አካባቢ ትልልቆቹ የዓሣ ነባሪ ሻርኮች ይመጣሉ። ውኃ የማይገባበት ካሜራ ያለው ብቻ ይሞክር፤ የስልክ ላስቲክ ለዚህ አይታመንም። ውኃ ቀይ ቀለምን ቀድሞ ስለሚበላ ከአምስት ሜትር በታች ሁሉም ነገር ሰማያዊ ነው፣ ከላይ ሁለት ሜትር ውስጥ ቆዩ። ፀሐይ ከጀርባ፣ ሹተር 1/250 እና ከዚያ በላይ፣ ፍላሽ የለም። ከሰውነቱ ሦስት ሜትር፣ ከጭራው አራት ሜትር ራቁ፤ መንካት ክልክል ነው።

ጤዛና ጨው

ኤር ኮንዲሽነር ካለበት ክፍል ወደ ውጭ የወጣ ካሜራ ወዲያው ያልበዋል። ሌንሱን አትጥረጉ፣ ተመልሶ ይመጣል፤ ውስጡም ሊገባ ይችላል። ማታ ካሜራውን ዚፕ ላስቲክ ውስጥ አሽጉት፣ ጠዋት እንደታሸገ ይዛችሁ ውጡና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጥላ ውስጥ አቆዩት። ጤዛው ላስቲኩ ላይ ይቀራል።

ጨው ደግሞ ማታ ማታ ይጸዳል፣ ነገ ማለት የለም። ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ፦

1. ካሜራውን አጥፉ፣ የሌንሱን ክዳን ክደኑ፣ አፉን ወደ ታች አዙራችሁ በአየር መንፊያ ጎማ አሸዋውን አራግፉ። በአፍ አትንፉ፣ ምራቅ ይረጫል።

2. ጨርቅ በታሸገ ንጹሕ ውኃ አርሱና እስከ መጨረሻ ጠብታ ጭመቁ። አካሉን፣ ቁልፎቹን፣ የሌንሱን ቀለበት ጥረጉ። ጨው የሚለቀው በውኃ ነው፤ በደረቅ ጨርቅ ከጠረጋችሁት ክሪስታሉ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቃል።

3. በሁለተኛው ጨርቅ አድርቁ።

4. የሌንሱን መስታወት ለብቻው፣ በትንሹ በረጠበ የሌንስ ጨርቅ፣ ከመሃል ወደ ዳር እያዞራችሁ።

5. የትራይፖዱን እግሮች ሙሉ በሙሉ ዘርግታችሁ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁ፣ ሳትከትቱ አሳድሩ። ቶሎ የሚዝገው የእግሩ መቆለፊያ ነው።

ካሜራ ባሕር ውስጥ ከወደቀ አውጥታችሁ ለመሞከር ብላችሁ አታብሩት። ባትሪውን ወዲያው አውጡ፣ ሚሞሪውን አውጡ፣ ውጩን በንጹሕ ውኃ ጠርጉና ለጠጋኝ አድርሱ። ተስፋው ትንሽ ነው፣ ያለ ባትሪ ግን ከዜሮ ይበልጣል። ስልክ ከሆነ «አይፒ 68 ነው» ማለት በንጹሕ ውኃ የተፈተነ ነው እንጂ ለጨው ውኃ ዋስትና አይደለም፤ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት፣ የቻርጀሩ ቀዳዳ ፍጹም እስኪደርቅ ቻርጅ አታድርጉ። ሩዝ ውስጥ መቅበር አይጠቅምም፣ ዱቄቱ ቀዳዳውን ይደፍናል። ጤፉማ ይብሳል።

ስትመለሱ

ፎቶዎቹን ጅቡቲ እያላችሁ ወደ ሁለተኛ ቦታ ገልብጡ፤ ለስልክ የሚሆን የሚሞሪ ማንበቢያ ይበቃል። ሚሞሪውን ግን ቤት ገብታችሁ እስክታዩት አትደምስሱ።

ብዙ ሰው የሚስተው የመመለሻውን መንገድ ነው። ባሕሩ ዳርቻ ላይ የተዘጋ ቦርሳ የዳርቻውን እርጥብ ሙቅ አየር እንደያዘ ሐረጎን ይወጣል፣ ደሴ ጉም ውስጥ ሲቀዘቅዝ ያ እርጥበት ሌንሱ ላይ ይወርዳል፤ ሻጋታውም ከዚያ ይጀምራል። ሚሌ ላይ ለምሳ ስትቆሙ ምግብ ቤቱ ውስጥ ነፋስ በማይደርስበት ጥግ ቦርሳውን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ፣ ሌንሶቹን አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ፣ የጠገበውን ሲሊካ በአዲስ ለውጡ፣ ምሳችሁን እስክትጨርሱ በደረቁ አየር ይቆዩ። ከዚያ ዝጉትና እስከ ማግስቱ ጠዋት አትክፈቱት።